ሱቁን መዋዕለ ሕፃናት ከማድረግዎ በፊት

መቐለን ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ትናንት መጋዘን የነበረው ዛሬ ካፌ፣ ሱቅ የነበረው መዋዕለ ሕፃናት፣ ጋራዥ የነበረው የኪራይ ክፍል ሆኖ ያገኙታል። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ባለው ቤት ሥራ ለመፍጠር ይጣጣራል፤ ደግ አደረገ። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ቦታ ሲመረጥ የሚጠየቀውን አውቀዋለሁ። መንገድ ዳር ነው? ስንት ሰው ያልፍበታል? ኪራዩስ? ክረምት ላይ ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚጠይቅ ግን ብዙም አልገጠመኝም።

«ይህ ቤት እኮ ስንቱን ክረምት አሳልፏል» ይላሉ አከራዮች። እውነታቸውን ነው። ያሳለፈው ግን ሱቅ ሆኖ ነው። ውኃ እስከ ቁርጭምጭሚት ቢገባ ባለሱቁ ስኳሩን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣል፣ ጠዋት ጠራርጎ ይከፍታል። በዚያው ወለል ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ ሃያ ሕፃናት ከምሳ በኋላ ቢተኙበትስ? ሞግዚቷ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው። ቤቱ ያው፣ ውኃውም ያው፤ አደጋው ግን ሌላ ሆነ።

እንግሊዞች በግንባታ ፈቃድ አሰጣጣቸው ይህን በግልጽ ለይተውታል። ሱቅና ቢሮ ለጎርፍ ያላቸው ተጋላጭነት አነስተኛ፣ መኖሪያ ቤትና የሕፃናት ማቆያ ከፍ ያለ፣ ከመሬት በታች ያለ መኖሪያ ደግሞ ከዚያም የባሰ ተብሎ ይመደባል። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የነባር ሕንፃን አገልግሎት መለወጥን ከአዲስ ግንባታ ጎን አስቀምጦታል። ስለዚህ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ወደ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጎራ ይበሉ።

የሚተኛ ሰው ጉዳይ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ውኃው የመጣው ከደጋው ነበር።

መቐለም ብትሆን ከእንዳኢየሱስ ኮረብታ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። አብዛኛው ዝናቧ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል፤ ከላይ የወረደው ደግሞ ወደ ታች መሄዱ አይቀርም። ቤቱን የሚያዩት በጥር ከሆነ ግድግዳውን ከሥር ይመልከቱ፤ ቀለሙ የተላጠበት ወይም የጭቃ መስመር የቀረበት ከፍታ ብዙ ይናገራል። አዲስ ቀለም ከታች ብቻ ተቀብቶ ካዩ እኔ ብሆን እጠረጥራለሁ። ጎረቤት ያሉትን እናቶች ይጠይቁ፤ ከደላላው የተሻለ ያውቃሉ። ግንበኛ ይዘው በውኃ ልክ ደጃፉንና መንገዱን ያስለኩ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረበት አጋጣሚ አለና።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ በሩ ነው። ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ የላሜራ በር ነው፤ እሱም ውኃው ወደሚመጣበት መንገድ የሚከፈት። መስኮቱ ካለም በብረት ፍርግርግ ተበይዷል። ለዕቃ ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፣ ለሕፃን ግን ወጥመድ። ከውጭ ግማሽ ሜትር ውኃ ቢቆም፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ100 ኪሎ ክብደት ይበልጣል። ሞግዚቷ ወደ ውጭ ገፍታ የምትከፍተው አይሆንም። ስለዚህ በጓሮ በኩል ሁለተኛ በር ይውጣለት፣ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

ሶኬቶቹን ከፍ ማድረግ ትንሽ ወጪ ነው፣ አያመንቱ። መጸዳጃውንም አይርሱት፤ ሴፕቲክ ታንኩ በዝናብ ውኃ ሲሞላ ቆሻሻው በደጃፍ ሳይሆን በመጸዳጃው በኩል ተመልሶ ይገባል። ልጅ የሚድህበት ወለል ላይ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቦታው ካልሆነ፣ ሱቅነቱን አይጥሉት። ምድሩን ለንግድ ትተው ልጆቹን ፎቅ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ፎቅ ካለ። ሊከራዩት ከወሰኑ ግን ከቤቱ ፊት ያለውን ቦይ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ማን እንደሚያስጠርግ፣ ሁለተኛውን በር የማውጣቱን ወጪ ማን እንደሚችል ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ላይ ያስጽፉ።