መቅደላን በሚያዝያ ፀሐይ እንየው

በከተማችን በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ይገኛል። ስሙን ዕለት ዕለት እንጠራዋለን፤ አምባውን በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ስለ ጉብኝት ሲነሣ አንዳንዱ «ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ይሁን» ይላል፤ ሌላውም «አየሩ ቀዝቀዝ በሚልበት በኅዳር ይሻላል» ይላል። እኔ በበኩሌ በሚያዝያ፣ ፀሐይ በበረታችበት ወር፣ መሆን አለበት እላለሁ።

የክረምቱ ሐሳብ አያስኬድም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ይሞላል፤ ጉም ገደሉን ይሸፍናል፤ የልጆችም እጅ ለአረም ይፈለጋል። ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ማስጐተት የጀመሩት ክረምቱ ካለፈ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። መቅደላ የደረሱትም ስድስት ወር ገደማ ተጕዘው በመጋቢት ነው። ጄኔራል ናፒዬርም ክረምት ሳይገባ ጦሩን ለመመለስ ይቸኵል ነበር።

ኅዳርማ ለመንገድ ይመቻል፤ ነገሩ የተፈጸመው ግን በሚያዝያ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባው ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ይህን በክፍል ውስጥ በቃላችን አጥንተነዋል። ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ ዳገቱን ወጥቶ ላቡን የጠረገ ተማሪ፣ ያን ሁሉ ብረት በሰው ጕልበት እዚያ ማድረስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

በአምባው ላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ የጐደለው ይበዛል። መጻሕፍቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ፤ ምሽጉም ተቃጠለ። ገና የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለም። ስለ እነዚህ ነገሮች ነገ የሚከራከር ትውልድ ከየት እንደ ተወሰዱ አስቀድሞ ማየት ይገባዋል።

ወላጆቻችን «ልጆቻችንን ፀሐይ ይመታቸዋል» ብለው ቢሠጉ ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ጉዞው አገር ሰላም በሆነበት ጊዜ ይደረግ። ፋሲካ ቢዘገይ ወይም የረመዳን ጾም ቢገጥም ቀኑ ይገፋ፤ በባዶ ሆድ ዳገት አይወጣምና። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከስድስት ሰዓት በፊት ጥላ ሥር እንረፍ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ በአሮጌው ጦርነት ዕለትም ዘንቦ ነበር። እያንዳንዱም ውሃ በኮዳ፣ በሶ፣ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዝ። ከአምባው ግን አንዲት ጠጠር እንኳ ማንም አያንሣ፤ የተወሰደው ይበቃል።

የታሪክ መምህሮቻችን ይህን ጉዞ እንደ ሽርሽር ሳይሆን እንደ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ቈጥረው ለመጪው ዓመት ቀን እንዲቈርጡለት በትሕትና አሳስባለሁ።