ፎቶውን ሳይሆን ልኩን አሳዩን!

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ ልናገር ነው። የሚቆጣ ይቆጣ።

ባለፈው ክረምት ከደመወዜ እየቆጠብኩ ቁምሳጥን አዘዝኩ። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን ምስል ብታዩት! የዋንዛ እንጨት፣ በሩ ላይ ከመስኮት የገባ ብርሃን ያረፈበት፣ እጀታው የሚያብለጨልጭ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። የመጣልኝ ግን ጠርዙ የተላጠ ኤምዲኤፍ ነው። አንዱ በር ከሌላው በአንድ ጣት ይወርዳል። ስደውል ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ እሱ እኮ ስሪዲ ነው!»

ስሪዲ ነው! በቃ፣ አለቀ።

ሳያውቅ የነገረው ለቴክኒካል ድሮዊንግ አስተማሪ ነው። «አንተ ባለዲፕሎማ ምን አገባህ» የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባኛል። ገንዘቤም ነው፣ ሙያዬም ነው።

እስቲ ላስረዳ። አንድ ዕቃ በወጉ ሲነደፍ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ሥዕል አይደለም፣ ልክ ነው። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ የማጠፊያው ቀዳዳ ቦታ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ፎቶ የሚመስለው ምስል የሚወጣው ከዚሁ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ቅርጹን ወደ ብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍላል። ይሄ እንጨት፣ ያ ብረት፣ ያኛው መስታወት ተብሎ ይመደባል። ከዚያ ብርሃኑ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየነጠረ ካሜራው ጋ እንዴት እንደሚደርስ ይሰላል። የዚህን ስሌት መሠረታዊ ቀመር ጄምስ ካጂያ ያሳተመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ጠርዝ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ከቀረ ዓይን ስለሚጠረጥር፣ ብርሃን እንዲይዝ በትንሹ ክብ ያደርጉታል።

ታዲያ ይሄ ማጭበርበር ነው? አይደለም! የስዊድኑ ኢኬያ በ2006 እ.ኤ.አ. በርቲል የምትባል የእንጨት ወንበር በኮምፒውተር ሠርቶ ካታሎጉ ላይ አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከነጠላ ዕቃ ምስሎቹ አብዛኞቹ እንዲሁ ሆኑ። ፎቶ አንሺዎቹን ስሪዲ፣ የስሪዲ ባለሙያዎቹን ደግሞ ፎቶ ማንሳት አስተማሯቸው። ምስሉ ከሚመረተው ዕቃ ንድፍ እስከተሠራ ድረስ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

የእኛ ሰፈር ጉድ ግን ተገልብጦ ነው። ምስሉ አለ፣ ንድፉ የለም! ሰውዬውን «ንድፉን አሳየኝ» ብለው የሌላ አገር ሰው የሠራውን ምስል ከኢንተርኔት አውርዶ ነው የለጠፈው። አናጢው የተሰጠው ስልክ ላይ ያለች ምስል ብቻ ነች። ልክ የሌለው ነገር እንዴት ልክ ይሆናል?

«ማስታወቂያ ያው ማጋነን ነው» የምትሉም አላችሁ። «ቆንጆ ነው» ማለት ማጋነን ነው፣ ይሁን። ዋንዛ አሳይቶ ኤምዲኤፍ ማምጣት ግን ማታለል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዲስ ሕግ አላመጣሁም።

ከቁምሳጥኑ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ብሌንደርን በነፃ አውርዶ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት ራሱን አስተምሮ፣ አሁን ለዕቃ ሻጮች ምስል ይሠራል። ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኝና «ቲቸር፣ ልኩን ስጡኝ ስላቸው ይስቁብኛል። አንተ ብቻ አሳምረው ይሉኛል» አለኝ። አያችሁ? ንድፍ የሚችለውን ልጅ ለውሸት እየከፈልነው ነው። ልኩን ቢሰጡት ኖሮ ያው ፋይል ለምስሉም ለአናጢውም ይሆን ነበር። እንጨት አይባክንም፣ ጠብ አይኖርም።

ስለዚህ ሻጮች፣ ምስሉ ሥር «በኮምፒውተር የተሠራ» ብላችሁ ጻፉ፣ ልኩንና የእንጨቱን ዓይነት ጨምሩ። ገዢዎች፣ ልክ ያለበት ንድፍ ላይ ሳታፈራርሙ አምስት ሳንቲም ቀብድ እንዳትሰጡ። «ቀላል ዕቃ ነው፣ ንድፍ ምን ያደርጋል» ካሏችሁ ጥላችሁ ውጡ።

የእኔ ቁምሳጥን አሁንም እቤት ቆሟል፣ በሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ። የሚቀጥለው ሳምንት የክፍል ሥራ እሱ ነው። ልኩን ወስጄ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ይነድፉታል፣ ስህተቱን ያወጣሉ። ቢያንስ ለትምህርት ይሁን።

እናንተስ «ስሪዲ ነው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ። ቀብድ ሊከፍል የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።