መሬቱ ጧሪ ሲሆን፦ የደቡብ ጎንደር ደጋ አረጋውያን በምን ይተዳደራሉ?

«የኢትዮጵያ ሕዝብ ወጣት ነው» የሚለው አነጋገር በዕቅድ ሰነዶችም ሆነ በስብሰባ አዳራሾች ተደጋግሞ ይሰማል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው 20 ዓመት አልሞላም፤ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ደግሞ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ናቸው። በጃፓን 65 ዓመት የሞላቸው ብቻ ከመቶ ወደ 30 የተጠጉ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ የእርጅና ጉዳይ ለእኛ ገና የሩቅ ነገር ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከመቶ አምስት ማለት ሕዝቧ ከ120 ሚሊዮን ባለፈ አገር ውስጥ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ማለት ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚኖሩት በገጠር ነው፤ የወር ደመወዝ ተቀብለው አያውቁም፤ ጡረታም የላቸውም።

በደቡብ ጎንደር ዞን የጉዳዩን ስፋት በቁጥር ለማየት የምንመለሰው ወደ 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በዚያ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 2 ሚሊዮን 51 ሺህ 738 ሆኖ ተመዘገበ፤ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 10 አይሞላም ነበር፤ ደብረ ታቦርም 55 ሺህ 596 ነዋሪ ነበራት። በአገሪቱ አማካይ ስሌት ከሄድን፣ በዚያን ጊዜ እንኳ በዞኑ ከ100 ሺህ ያላነሱ አረጋውያን ነበሩ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል የተባለው አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ ዛሬ ወረዳዎች የሚያቅዱት በትንበያ ነው። ለትምህርት ቤትና ለክትባት ትንበያው ቢያንስ በየዓመቱ ከሚመዘገበው ተማሪና ሕፃን ጋር ይመሳከራል። አረጋዊ ግን የሚመዘገብበት መዝገብ የለውም።

ዕድሜ ራሱ በገጠር ግምት ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና ዛሬ 60 እና 70 ዓመት የሆናቸው ሰዎች የልደት ወረቀት የላቸውም። ዕድሜ የሚቆጠረው በታላላቅ ክስተቶች ነው፦ ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ በ77ቱ ድርቅ። ቆጣሪ ሲጠይቅም መልሱ ብዙውን ጊዜ 60፣ 70 ወይም 80 ነው፤ 63 ወይም 71 የሚል ጥቂት ነው። ድጋፍ በዕድሜ ይሰጥ ቢባል የመጀመሪያው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ይሆናል።

ዛሬ 60 ዓመት የሞላውን የፋርጣ ወይም የእስቴ ገበሬ የሕይወት መስመር እንከተል። የተወለደው በ1950ዎቹ ማብቂያ ነው። «መሬት ላራሹ» በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ እረኛ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ጎረምሳ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጎጆ ወጥቷል። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ሲካሄድ የ30 ዓመት ሰው ነበርና ድርሻውን አገኘ። የዞኑ የእርጅና ኢኮኖሚ በአመዛኙ የተወሰነው በዚህ በመጨረሻው ዓመት ነው።

ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። በ1989 ዓ.ም. 18 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ወደ 50 እየተጠጋ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ትውልድ መሬት የሚያገኘው ከወላጅ በስጦታ፣ በውርስ፣ በኪራይ ወይም በእኩል አርሶ ነው። ስለዚህም በደጋው ቀበሌዎች መሬት በአረጋውያን እጅ፣ ጉልበት በወጣቶች እጅ ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን «የወጣቶች የመሬት ማጣት ችግር» ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። እንደ እኔ አመለካከት ጉዳዩ ከሌላው ወገንም መታየት አለበት፦ ያ መሬት የሽማግሌው ብቸኛ ጡረታ ነው። «ጡረታ» የሚለው ቃል የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ደመወዝተኛው ጡረታ አለው፤ ገበሬው ያለው ጧሪ ነው፤ ጧሪውን አቅርቦ የሚያቆየው ደግሞ መሬቱ ነው።

የደመወዝተኛውን ጡረታ በአጭሩ እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የተካተቱት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለቱም አዋጆች በ2014 ዓ.ም. ተሻሽለዋል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መውጫ ዕድሜው 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይነሣና እንደ አገልግሎቱ ርዝመት እስከ 70 በመቶ ይደርስለታል። በደብረ ታቦር የሚኖር ጡረተኛ መምህር ገንዘቡ ለወሩ አልበቃ ብሎት የሚያማርር ከሆነ እውነቱን ነው፤ ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር ጡረታው በዚያው ልክ አያድግም፣ የጤፍ ዋጋም አይጠብቀውም። ቢሆንም ወር በገባ ቁጥር የሚጠብቀው ነገር አለ። ዕድሜውን ሙሉ ግብር ሲከፍል የኖረው ገበሬ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ፈጽሞ አልገባም።

ገበሬው ሲያረጅ ምን ያደርጋል? ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚሸጠው አንዱን በሬ ነው። ቀጥሎ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል ወይም በኮንትራት ያከራያል። ለምሳሌ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ያላቸው ባልና ሚስት ሙሉውን ለእኩል ሰጡ እንበል። ገብሱ በደህና ዓመት ከሄክታር 20 ኩንታል ቢወጣ፣ የእነርሱ ድርሻ 10 ኩንታል ነው። አራሹ ዘርና ማዳበሪያ በራሱ ወጪ ከገዛ፣ ያ ወጪ አስቀድሞ ይነሣል፤ ስምምነቱም ከእኩል ወደ ሲሶ ሊወርድ ይችላል። የማዳበሪያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ባለመሬቱ አረጋዊ የመደራደር አቅም ያጣል፤ ገንዘቡም ጉልበቱም ያለው አራሹ ነውና። ከቀረው እህል ለሁለት ሰው የዓመት ቀለብ አራት ኩንታል ያህል ይቀመጥ። የተረፈው ተሽጦ የመሬት ግብር፣ የጤና መድኅን፣ የእድር፣ የልብስ፣ የዘመድ ሰርግና ተዝካር ይሸፍናል። በደህና ዓመት ይበቃል፤ በረዶ ወይም ውርጭ በመታው ዓመት ግን አይበቃም። የጉና ግርጌ ገበሬ ውርጭን አሳምሮ ያውቀዋል።

መሬቱ ከአንድ ሄክታር ሲያንስ ስሌቱ ይፈርሳል። በደጋው ደግሞ ይዞታው ከዚያ ያነሰ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ሌላው መንገድ ባሕር ዛፍ ነው። ከደብረ ታቦር ዙሪያ እስከ ጋይንት ባለው መንገድ የእርሻ ማሳ ወደ ባሕር ዛፍ ሲለወጥ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ገበሬውን ይወቅሳል፦ አፈር ያደርቃል፣ ውኃ ይመጥጣል፣ እህል ያሳንሳል። ወቀሳው በግብርና ሳይንስ በኩል መሠረት አለው። ግን ዛፉን የተከለው ማን እንደሆነ መጠየቅም ይገባል። ድንች መቆፈር፣ ስንዴ ማረምና ማጨድ ጉልበት ይጠይቃሉ፤ ባሕር ዛፍ ከተተከለ በኋላ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ልጆቿ ለሄዱባት መበለት ይህ ቁጠባ ነው። በግብርና ኮሌጅ የተማርነው የኤክስቴንሽን ትምህርት በመስመር መዝራትን፣ ኮምፖስት ማዘጋጀትን፣ ደጋግሞ ማረስን ያስተምራል፤ ሁሉም ሙሉ ጉልበት ያለውን አባወራ የሚያስቡ ናቸው። ለ70 ዓመት ገበሬ የሚሆን የግብርና ምክር በየትኛው ፓኬጅ እንዳለ የሚያሳየኝ ባለሙያ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የሴቶቹ ነገር የተለየ ነው። በልማድ ሴት በበሬ አታርስም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል የምትሰጠው በ70 ሳይሆን በ40 ወይም በ50 ዓመቷ ነው፤ እርጅናዋ በኢኮኖሚ ረገድ ከዕድሜዋ ቀድሞ ይመጣል። ባሎች በዕድሜ ከሚስቶቻቸው ስለሚበልጡና ሴቶች ረዘም ያለ ዕድሜ ስለሚኖሩ፣ በደጋው ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ብቻውን ከሚኖር ሽማግሌ በላይ ትገኛለች። በዚህ ረገድ የክልሉ የመሬት ምዝገባ አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል ማለት ይቻላል። የይዞታ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ስለሚይዝ፣ ባል ሲሞት የባል ወንድሞች መሬቱን «የቤተሰባችን ነው» ብለው ለመውሰድ እንደ ድሮው አይቀላቸውም።

የመሬት ሕጉ የጧሪነትን ጉዳይ በራሱ መንገድ ይነካዋል። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 እስከተተካ ድረስ ሲሠራበት የቆየው የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ «የቤተሰብ አባል» ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ነው ይል ነበር። መለኪያው ሥጋ ሳይሆን አብሮ መኖር ነው። በተግባርም አረጋዊው አዲስ አበባ ካለው ልጁ ይልቅ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ለሚያርስለት የልጅ ልጅ ወይም የእኅት ልጅ መሬቱን ቢሰጥ የሚገርም አይሆንም። ጭቅጭቁ የሚነሣው ስጦታው ቶሎ ሲሰጥ ነው። መሬቱን በሕይወት ሳለ ያስተላለፈ ሽማግሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚኖረው በተቀባዩ ደግነት ነው፤ በኑዛዜ ያቆየው ግን እስከ መጨረሻው ይከበራል። ይህን አረጋውያኑ ከማንም በላይ ያውቁታል። ወጣቱ «አባቴ መሬት አይለቅም» ብሎ ሲያማርር፣ አባቱ ለምን እንደማይለቅ መልሱ እዚህ አለ።

ልጆቹ ደግሞ እየሄዱ ነው። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ፣ ወደ ፎገራ ለሩዝ አጨዳ፣ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለቀን ሥራ፣ ሴቶቹም ወደ ዓረብ አገራት ይሄዳሉ። የሚልኩት ገንዘብ ለእርጅና ድጋፍ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ያ ድጋፍ አብሮ ይቋረጣል። ብር መላክ እህል እንደመጫን አይደለም ይባል ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው።

መንግሥት በበኩሉ ምን ያደርጋል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል። በተግባር የዚህ ግዴታ ዋና ማሳያ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይቀበላል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ይህ ቀጥተኛ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ፕሮግራሙ ግን የተቀረጸው ለምግብ ዋስትና እንጂ ለእርጅና አይደለም። በዞናችን እንደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ያሉ በድርቅ የሚጠቁ ወረዳዎች ውስጥ ይኖራል፤ በምርታማነት በሚታወቅ ወረዳ የምትኖር ደካማ አሮጊት ግን ወረዳዋ «ትርፍ አምራች» ስለሆነ ብቻ ውጭ ልትቀር ትችላለች። ወረዳው ቢያመርትም እርሷ አላመረተችም።

በጤና በኩል ዞኑ ቀዳሚ ነበር ማለት ይቻላል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነው። መዋጮው በቤተሰብ ስለሚከፈልና መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ስለሚሸፍን፣ ለአረጋውያን ጠቃሚነቱ ግልጽ ነው። ችግሩ የመድኃኒቱ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከጠፋ ታካሚው ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል። የወገብና የጉልበት ሕመም ያለበት ብዙ ሽማግሌም ከሐኪሙ አስቀድሞ በወንዛዬ ፍል ውኃ መታጠብን ይመርጣል፤ ቢያንስ እዚያ «አልቋል» አይባልም።

«ድሀ አገር ለገበሬ ጡረታ መክፈል አትችልም» የሚል መከራከሪያ ሁልጊዜ ይቀርባል። ከእኛ ያነሰ ሀብት የሌላቸው ቢሆኑም ሀብታም ያልሆኑ የአፍሪካ አገራት ሞክረውታል። ሌሴቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዕድሜው 70 ለሞላ፣ የመንግሥት ጡረታ ለሌለው ዜጋ ወርኃዊ ክፍያ ጀመረች፤ ዛንዚባር በ2016፣ ኬንያም በ2018 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሁሉ ተከትለዋል። የመረጡት ዕድሜ 70 መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ60 ቢጀመር የማይቻለው በ70 ይቻላል፤ የተቀባዩ ቁጥር በብዙ ይቀንሳልና። በእኛ ዞን አንዲት ወረዳ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ለመሞከር ብታስብ፣ ከገንዘቡ በፊት የሚያስፈልጋት የአረጋውያን መዝገብ ነው። ይህን ለመያዝ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የእድር ዳኛ ቢተባበሩ ይበቃሉ። የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ እድሩ ያውቃል።

ጊዜው እንደሚረዝም መገመት የለበትም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.9 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ወደ 3.7 ወርዷል። ዛሬ 70 ዓመት የሆናቸው አባት ስድስት ወይም ሰባት ልጆች ወልደው፣ አራቱ ቢሰደዱ ሁለቱ አጠገባቸው ቀርተዋል። ዛሬ 40 ዓመት የሆነው ልጃቸው ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱም ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቀበሌ ውስጥ እንዲቀሩም አይፈልግም። በ1989 ዓ.ም. ሕፃን ስለነበር በስሙ የተደለደለ መሬት የለውም፤ የሚያርሰው የአባቱን ነው። 60 ዓመት የሚሞላው በ2038 ዓ.ም. ነው።