ቁጥሩን ከመስቀል በፊት

በስፖርት ዓለም «ቁጥር መስቀል» የሚባለው፣ አንድ ክለብ ታላቅ ተጫዋቹን ለማክበር ሲል ያ ሰው በማልያው ይለብሰው የነበረውን ቁጥር ከዚያ ወዲያ ለማንም ላለመስጠት የሚወስንበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ቁጥሩን በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ በጉልህ ጽፎ የሚያኖርበት ልማድ ነው። ልማዱ ሥር የሰደደው ቤዝቦል በተባለው፣ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ እየመታ በሚሮጥበት የአሜሪካ ጨዋታ ሲሆን፣ የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1929 ለተጫዋቾቹ ቁጥር ሲሰጥ የተከተለው የመምቻ ተራቸውን ነበርና ሦስተኛው መቺ ቤብ ሩት 3፣ አራተኛው ሉ ጌሪግ 4 ቁጥርን ያዙ። ጌሪግ ዛሬ በአሜሪካ በስሙ በሚጠራው የነርቭ በሽታ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1939 ከሜዳ ሲሰናበት ክለቡ 4 ቁጥርንም አብሮ አሰናበተ። ከዚያ በኋላ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ጥቁሮችን አግልሎ በኖረው ታላቁ ሊግ ገብቶ እገዳውን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ይለብሰው የነበረው 42 ቁጥር በሃምሳኛው ዓመት፣ በ1997፣ በሁሉም ክለቦች ዘንድ እንዲሰቀል ተወሰነ፤ ቁጥሩን አስቀድመው ለብሰውት የነበሩት ተጫዋቾች እስኪያቆሙ ድረስ ስለተፈቀደላቸውም የመጨረሻው ባለ 42 ማሪያኖ ሪቬራ እስከ 2013 ድረስ ለብሶታል።

ከዚህ ልማድ ጎን ለጎን ሌላ ልማድ አድጓል፤ እርሱም ካርድ መሰብሰብ ነው። ካርዱ ከመዳፍ የማይበልጥ ወፍራም ወረቀት ሆኖ በፊቱ የተጫዋቹን ምስል፣ በጀርባው የትውልድ ስፍራውን፣ የተጫወተባቸውን ዓመታትና ያስመዘገበውን ውጤት የያዘ ሲሆን፣ ቀድሞ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። ሰብሳቢዎች ለራሳቸው መስመር ያወጣሉ፤ አንዱ የአንድ ክለብን ብቻ፣ ሌላው የአንድ ዓመትን ብቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁጥራቸው የተሰቀለላቸውን ተጫዋቾች ብቻ እየለቀመ አልበሙን ይሞላል። ይህ ሦስተኛው መስመር ሲታይ ቀላል ይመስላል እንጂ ውስጡ ወጥመድ አለበት። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ከትምባሆ ጋር የወጣው የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው፤ ሆኖም ዋግነር መጫወት ያቆመው ቁጥር መልበስ ልማድ ከመሆኑ በፊት በ1917 ስለነበረ፣ ክለቡ ፒትስበርግ የሰቀለለት 33 ቁጥር በአሠልጣኝነት ዘመኑ የለበሰው እንጂ በተጫዋችነቱ የሚታወቅበት አይደለም። የተሰቀለውን ቁጥር በካርዱ ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ልማዶች የተለያየ ባለቤት እንዳላቸው ልብ ማለት ይገባል። ቁጥሩን የሚሰቅለው ክለቡ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭብጨባ ያልቃል። ካርዱን ግን የሚያኖረው ተራው ሰው ነው፤ በየቤቱ፣ በየሳጥኑ፣ ከአባት ወደ ልጅ እያለፈ፣ ቁጥሩ የማን እንደነበረ፣ መቼና የት እንደተለበሰ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ 4 ቁጥር ለብቻው አኃዝ ብቻ ሲሆን፣ ሰው የሚያደርገው የካርዱ ጀርባ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ታላላቅ ስፖርተኞች አብዛኞቹ የራሳቸው የሆነ ቁጥር አልነበራቸውም። በእግር ኳስ አንድ ተጫዋች በውድድር ዘመኑ ሁሉ አንድ ቁጥር ይዞ መዝለቁ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊዘርላንድ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ቢጀመርም፣ በእንግሊዝ ሊግ እንኳ ቋሚ የሆነው በ1993 ነው፤ ከዚያ በፊት ከ1 እስከ 11 ያለው ቁጥር የሚያመለክተው የጨዋታ ቦታን ስለነበር 9 ቁጥርን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይለብሰው ነበር። ስለዚህ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 ረትተው የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት የአምበሉ የሉቻኖ ቫሳሎ፣ የወንድሙ የኢታሎና የመንግሥቱ ወርቁ ጓዶች፣ ቁጥር ሊሰቀልላቸው ቢፈለግ እንኳ የትኛው ይሰቀል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የሩጫው ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ሯጭ በደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዘው ቁጥር የውድድሩ አዘጋጅ ለዚያች ቀን የሚሰጠው መለያ ሲሆን፣ ውድድሩ ሲያበቃ ቁጥሩም ያበቃል። አበበ ቢቂላ በኦሊምፒክ ማራቶን በሮም 11፣ በቶኪዮ 17፣ በሜክሲኮ ደግሞ የሁለት ጊዜ አሸናፊ ስለነበረ ለክብሩ 1 ቁጥርን ለብሷል፤ በዚያ በሦስተኛው ጉዳት ገጥሞት 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ አቋርጦ ድሉን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። በክብር የተሰጠው ቁጥር ያልተጨረሰው ሩጫ ቁጥር መሆኑ የታሪክ ፌዝ ይመስላል።

ሆኖም ከእነዚህ መካከል 11 ቁጥር በሕዝብ ዓይን ውስጥ ቀርቷል፤ እንዴት እንደቀረ መመርመርም ይህን ጽሑፍ ወደ ዋናው ነጥቡ ያደርሰዋል። የሮሙ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተጀምሮ ማታ በችቦ ብርሃን ያለቀ ሩጫ ነበር። አበበ ከውድድሩ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሲመክር፣ ሊጠነቀቀው የሚገባው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር እንደሚለብስ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን የማራቶኑን ቁጥር ሳይወስድ ቀርቶ በ10 ሺህ ሜትር የሮጠበትን 185 ቁጥር እንደለበሰ ወደ መነሻው መጣ። አበበ 26 ቁጥርን እየፈለገ፣ ከፊቱ ያለ እየመሰለው ሲፈጥን፣ ከአጠገቡ እኩል የሚሮጠው ባለ 185 የሚፈልገው ሰው ራሱ መሆኑን ሳያውቅ ረጅም መንገድ አብረው ሄዱ፤ በመጨረሻም ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ ቆሞ በነበረው ሐውልት አካባቢ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየውና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። እንግዲህ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ማራቶኖች አንዱ፣ የአንደኛው ሯጭ ቁጥር ትክክል ስላልነበረ በተሳሳተ ግምት የተሮጠ ነው። ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

11 ቁጥርን ያቆየው ታዲያ የክለብ ውሳኔ ወይም የፌዴሬሽን ማኅተም አይደለም፤ በባዶ እግሩ የሚሮጠውን ሰው ደረት ከነቁጥሩ ያስቀረው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው በጋዜጣ፣ በፖስት ካርድ፣ በቴምብር፣ በየፎቶ ቤቱ መስኮትና በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ስለተባዛ፣ ቁጥሩ ሳይሰቀል ተሰቀለ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈለት የጎጃም አንባቢ ይህን ከነገሥታት የፈረስ ስም ጋር ቢያስተያየው አይሳሳትም፤ አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ ትዝ የሚሉት ስሙ በአዋጅ ስለተከለከለ ሳይሆን ጠሪው ስለበዛ ነውና።

በቅርብ ዘመን ደግሞ የሩጫው ቁጥር ራሱ ከደረት ላይ እየለቀቀ ነው። በታላላቅ የዓለም መድረኮች አትሌቱ የሚታወቀው በስሙ እንዲሆን ተብሎ ከቁጥሩ ይልቅ ስም ይታተማል፤ የውጭው ዓለም የቤተሰብ ስም የሚለው የኢትዮጵያዊው የአባት ስም ስለሆነ ግን ደረት ላይ የሚወጣው የሯጩ ሳይሆን የአባቱ ስም ሆኗል። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ሦስቱም «ዲባባ»፣ ቀነኒሳና ታሪኩ ሁለቱም «በቀለ» ናቸው። ጎጃምም ከዚህ አላመለጠችም፤ በነሐሴ 2001 ዓ.ም በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያመጣችው ውዴ አያሌው እና በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል በለንደን ኦሊምፒክና በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ የሮጠችው ሕይወት አያሌው የጎጃም ልጆችና እኅትማማቾች ሲሆኑ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ «አያሌው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምስል የሚያገኝ የደብረ ማርቆስ ተማሪ የትኛዋ እንደሆነች የሚለየው ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካገኘ ብቻ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የስፖርተኛ ምስል የሚሰበስብ ጠፍቶ አያውቅም። በመስከረም የትምህርት ቤት በር ሲከፈት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚደረድሯቸው ደብተሮች ሽፋናቸው የኳስ ተጫዋችና የሯጭ ምስል ነው፤ ልጆችም ደብተሩ ሲያልቅ ሽፋኑን ቆርጠው ያስቀምጣሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ከማስቲካ ጋር የሚመጣው ተለጣፊ ምስልም፣ ከሊብሮና ከሀትሪክ የስፖርት ጋዜጦች እየተቆረጠ ፀጉር ቤት ይለጠፍ የነበረው ፎቶም ከዚሁ ወገን ነው። ይህ ከአሜሪካኖቹ ካርድ በፍቅር አያንስም፤ የሚያንሰው በጀርባው ነው። የደብተሩ ሽፋን ጀርባ የማባዣ ሰንጠረዥ፣ የማስቲካው ተለጣፊ ጀርባ ሙጫ፣ የጋዜጣው ቁራጭ ጀርባ ደግሞ የሌላ ወሬ ግማሽ ነው። ምስሉ መቼ፣ የትና በየትኛው ውድድር እንደተነሣ የሚነግር መስመር ስለሌለ፣ ሰብሳቢው ሲያረጅ ምስሉም አብሮት ይረሳል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የተሻለው የኢትዮጵያ ሰብሳቢ የቴምብር ሰብሳቢው ነው። አገሪቱ ከ1886 ዓ.ም ጀምሮ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ቴምብር ስታወጣ የኖረች ስትሆን፣ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ምክንያት በማድረግም የስፖርት ቴምብሮች ወጥተዋል። ቴምብር ትንሽ ብትሆንም የወጣችበት ዘመን፣ ዋጋዋና ምክንያቷ ይታወቃል፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካረፈባትም ከየት ከተማ በየትኛው ቀን እንደተላከች ይነበባልና፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የተመታች ቴምብር የከተማዋ ሰነድ ጭምር ናት። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ስለጠፋ ይህም መንገድ እየጠበበ ነው፤ እርሱን የሚተካ ግን አልተበጀም።

የውጭ ሊጎችን በቴሌቪዥን የሚከታተለው ትውልድ ቁጥር መስቀልን እየለመደው ስለሄደ፣ የኢትዮጵያ ክለቦችም ይህን ያድርጉ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይሰነዘራል። ናፖሊ ለማራዶና 10 ቁጥርን እ.ኤ.አ. በ2000 ሰቀለ፤ አርጀንቲና በ2002 የዓለም ዋንጫ ይህንኑ በብሔራዊ ቡድኗ ልታደርግ ብትሞክር ግን ፊፋ ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 23 ሳይዘለሉ መሰጠት አለባቸው ብሎ ስለከለከለ ባለ 10 ቁጥሩን ማልያ ተጫዋቿ ኦርቴጋ ለበሰው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር፣ የተጫወቱባቸውን ዓመታትና ያገቧቸውን ግቦች በአንድ መዝገብ አሟልቶ ያልያዘ ክለብ ቁጥር ቢሰቅል፣ ስያሜው ሲለወጥ፣ አመራሩ ሲቀየር ወይም ሜዳው ሲታደስ ቁጥሩ ከግድግዳው ጋር በኖራ ይለሰናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል፤ አስቀድሞ ካርዱ ይታተም፣ ቁጥሩ በኋላ ይሰቀል።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሠርግ ጥሪ የሚያትም ማተሚያ ቤት ካርድ ማተም አይሳነውም፤ ከባዱ ጀርባውን መሙላት ነው፤ ለእርሱ ደግሞ የዞኑ ስፖርት መምሪያ ማኅደር፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ከሁሉም በላይ በሕይወት ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ሯጮችና ተመልካቾች አሉ። በጀርባው የሚጻፈው ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የተሮጠበት ወይም የተጫወተበት ቀን በኢትዮጵያና በውጭ አቆጣጠር፣ ውጤቱ፣ ፎቶውን ያነሣው ሰው ስምና በዚያ ቀን የተለበሰው ቁጥር ይሁን። የውዴ አያሌው ካርድ «በርሊን፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ሦስተኛ» ሲል፣ የሕይወት አያሌው ካርድ «3 ሺህ ሜትር መሰናክል» ሲል፣ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ አይኖርም፤ በደረት ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ቢሆንም።