ማኅተሙ ራሱ መንሸራተቻ ሲሆን

ዘመናዊ የቆሻሻ መድፊያ (ላንድፊል) ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው፣ ከቆሻሻው የሚወርደው መርዛማ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንዳይሰርግ መከላከል ነው። ለዚህም ከሥር በሚገባ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይደለደልና በላዩ ጂኦሜምብሬን የሚባል፣ ውኃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ይነጠፋል። ሁለቱ ተደራርበው ፍሳሽን በመከልከል ረገድ ብርቱ ቢሆኑም፣ የሚነካኩበት ገጽ ከመድፊያው ሁሉ ደካማው ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ መድፊያ «አያፈስም» ስለተባለ ብቻ ደኅና ነው ሊባል አይገባም።

የድካሙ ምክንያት ከማኅተሙ ብርታት ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ሸክላ አፈር ውኃ እንዳያሳልፍ እርጥበቱ ከፍ ብሎ ሳለ ይጠቀጠቃል፤ ቆሻሻው በላዩ ሲከመር ደግሞ አፈሩ ተጨምቆ የሚያወጣው ውኃ ፕላስቲኩን አልፎ መውጣት ስለማይችል ከሥሩ ይታቆርና ገጹን ያሙለጨልጨዋል። መሐንዲሶች በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለውን መንሸራተትን የመቋቋም ኃይል የሚገልጹት በሰበቃ ማዕዘን ሲሆን፣ ማዕዘኑ 8 ዲግሪ ከሆነ ገጹ የሚቋቋመው ከተጫነው ክብደት 14 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በአንጻሩ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት 33 በመቶ ያህል መቋቋም ስለሚጠይቅ፣ እንዲህ ያለው ገጽ ክምሩን ብቻውን ሊይዘው አይችልም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። በካሊፎርኒያ ኬትልማን ሂልስ የሚገኝ፣ በሸክላና በጂኦሜምብሬን የታሸገ የአደገኛ ቆሻሻ መድፊያ መጋቢት 10 ቀን 1980 ዓ.ም. ተንሸራቶ፣ 27 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው ክምር ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ወደ ጎን ተጉዟል። ተመራማሪዎች በንብርብሮቹ መካከል ያለውን ገጽ ሲፈትሹ፣ በእርጥብ ሸክላና በለስላሳ ፕላስቲክ መካከል ከላይ የተጠቀሰውን 8 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን አግኝተዋል።

በአዲስ አበባ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው የቆሼ ክምር ንጣፍ የሌለው ክፍት መድፊያ ስለነበር፣ የአደጋው መንስኤ ይህ ገጽ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም የተቆለለ ቆሻሻ እንደማንኛውም ቁልል አፈር ሊናድ እንደሚችል በሰው ሕይወት አስተምሯል። ቆሼን እንዲተካ የታሰበው የሰንዳፋ መድፊያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ ቢቆምም፣ ከክፍት መድፊያ ወደ ታሸገ መድፊያ መሸጋገሩ የማይቀር ነው፤ ሽግግሩም ፍሳሽን ሲከለክል አዲስ የመንሸራተቻ ገጽ እንደሚያመጣ ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

በተለይ በመዲናዋ ዙሪያ የሚገኘው፣ ሲረጥብ የሚያብጥና የሚለሰልስ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር፣ በሌላ አገር አፈር ላይ የተገኘን ቁጥር እንዳለ መቅዳት አደገኛ ያደርገዋል። ከሥራው ቦታ የተወሰደው አፈርና የሚነጠፈው ፕላስቲክ ራሱ፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ተደራርበው፣ በውኃ ርሰውና ክብደት ተጭኗቸው እስኪንሸራተቱ ሊፈተኑ ይገባል፤ በተዳፋት ላይም ለስላሳው ሳይሆን ገጹ የሻከረው ንጣፍ ሊመረጥ ይገባል። ይህ ፈተና ከመድፊያው ጠቅላላ ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ያልቀረበለት ንድፍ ሊፈቀድ አይገባም።