ቀይ ቀበሮ የገበሬው ጠላት አይደለም

ዋልያና አንበሳ ሲወደሱ ቀይ ቀበሮ «የበግ ሌባ» ተብሎ ይወገዛል። ይህ አመለካከት መታረም ይገባዋል። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር የማይገኘው ይህ አውሬ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነጥቅም ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። እዚያም እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሽታው ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንና ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ በቀይ ቀበሮ አካባቢ ያሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የክትባት ዘመቻ ሲደርስ አንድም ውሻ ሳይከተብ እንዳይቀር ሕዝቡን ማስተባበር ይጠበቅባቸዋል። ውሻውን ያስከተበ ገበሬ ልጆቹንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም ከአደጋ ይጠብቃል።