የእርሳስ ወታደርም ወገን አለው!

“አሻንጉሊት ነው፤ ምን አካበዳችሁት?” የሚል አይጠፋም። እንግዲያው እንነጋገር!

በአውሮፓና በአሜሪካ ጣት የሚያህል፣ ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቀለም የተቀባ የብረት ወታደር እየገዛ በመስታወት ቁም ሳጥን የሚደረድር ሰው ብዙ ነው። ሕፃን እንዳይመስላችሁ፤ ሪዝ ያወጣ ጎልማሳ ነው። ሠሪዎቹ ታዲያ በየጊዜው አንድ ነገር ይወስናሉ። የትኛው ጦርነት ይውጣ? የማን ወታደር ይሸጥ? ነገሩ የገበያ ብቻ ይመስላል። አይደለም! ማን ሰው፣ ማን ማድመቂያ እንደነበረ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ማስረጃ ካላችሁ ይኸው። የእንግሊዙ ብሪተንስ ኩባንያ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእርሳስ ማዕድን ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር እየሠራ ስሙን የተከለ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ምን አደረገ? በዚያው ሰሞን የኢጣሊያን እግረኛ በአንድ ሳጥን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘብ በሌላ ሳጥን አድርጎ ገበያ አወጣ። ልብ በሉ ጎበዝ! በታኅሣሥ 1928 ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከአይሮፕላን ወርዶ የሰው ቆዳ ተገሽልጧል። በሳጥኑ ውስጥ ግን መርዙም፣ የተቃጠለውም ሰው የለም። ሁለት ወገን እኩል ተሰልፎ “ተጫወቱ” ይላል። ጣሊያን መርዝ መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ አንደበት ያመነችው 60 ዓመት ቆይታ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሳጥኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋሽቷል!

ከዚያ ወዲህስ ተማሩ? የት ተደርጎ! የሆንግ ኮንጉ ኪንግ ኤንድ ካንትሪ የሂትለርን ኤስኤስ ሳይቀር በሰልፍ አስውቦ ሠርቶ ሸጧል። ለምን ቢሉ፣ ዩኒፎርሙ ያምራላ!

እሺ፣ እኛስ? ነገ አንዱ ተነስቶ የሀገራችንን ጦርነቶች በተከታታይ በዚህ መልክ ቢያወጣ ምን ይመርጣል? የምፈራውን ልናገር። አድዋን ይመርጣል፤ ይበል! ግን በፈረስ የተቀመጡትን መኳንንት ብቻ። መቀሌ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃውን የያዘው ጭፍራ የታለ? ስንቅ የተሸከመችው ሴት፣ በቅሎ ነጂው፣ ቁስለኛ አንሺው የት ገቡ? ጦሩ የቆመው በእነሱ አይደል? ማይጨው ደግሞ “ሽንፈት አይሸጥም” ተብሎ ይቀራል። ኮርያ ዘምቶ ከ120 በላይ ልጆቹን የሰዋው ቃኘው ሻለቃም “ማን ያስታውሰዋል?” ይባላል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ድሮኑንና ታንኩን አሳንሶ “ትኩስ ነው፣ ይሸጣል” የሚል ነጋዴ እንዳይነሳ እሰጋለሁ። የሟቾቹ ስም ዝርዝር እንኳ በይፋ ሳይነገር! ልጇ የት እንደወደቀ ያልተነገራት እናት በሱቅ መስኮት የልጇን መለዮ አይታ ምን ትበል? መቃብሩ ላልታወቀ ሰው አሻንጉሊት አይሠራለትም!

ምርጫውን ለቢሮና ለካድሬ እንስጥ ማለቴ ደግሞ አይደለም። እነሱማ ሲመርጡ አይተናል። ደርግ ሌኒንን አቆመልን፤ በ1983 ዓ.ም. ተገረሰሰ። ሁሉም የራሱን ጀግና አቁሞ የሌላውን ይንዳል።

መመዘኛው ቀላል ነው። ሙታኑ ተቆጥረው፣ ተለቅሶላቸዋል ወይ? ገዳዩ የገደለበት መሣሪያ አብሮ ይታያል ወይ? ባለፈረሱ ብቻ ሳይሆን ባዶ እግሩን የዘመተውም አለ ወይ? ሦስቱን “አዎ” ያለ ይሥራ፣ እኛም እንገዛለን።

ይህ የከበደው ነጋዴ በግና ዶሮ ይሥራ! እነሱ ዘመድ የላቸውም።